ድንኳኑን የያዘው ብረት

«ከባድ ነገር አምጡ! ሊነቀል ነው እኮ!»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ የድንኳኑን አንድ እግር በሁለት እጃቸው አቅፈው ይጮሃሉ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል፤ የመቱበትን ችካል ሁሉ ይተፋል። ነፋስ ከሥር እየገባ ሸራውን ሲያነሳው፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞች በአንድ እጃቸው ሸራውን ያዙ። በሌላው እጃቸው ካርታቸውን ይዘዋል፤ ካርታውን የጣለ ሰው አልነበረም።

አብዮት በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር አልተነሳም። መነሳት እንዳለበት ያውቃል፤ ድንኳኑ የተተከለው በእሱ ደጅ ነው፣ ሐዘኑም የእሱ ነው። ግን ትናንት ሚስቱን ናዝራዊትን ከቀበረ ጀምሮ ጉልበቱ የሚታዘዝለት «እግዜር ያጽናህ» የሚል ሰው ፊቱ ሲቆም ብቻ ነው። ቆሞ ይጨብጣል፣ «አሜን» ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። ሐዘን እንዲህ ወገብ የሚቆርጥ የጉልበት ሥራ መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበር።

ሁለት የእድር ጎረምሶች ከጓሮ በረንዳ ብረቱን ተሸክመው እየተንገዳገዱ ሲመጡ ግን ቀና አለ።

ብረቱ የውሃ ቧንቧ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የቀለም ጣሳ ውስጥ ገብተው ሲሚንቶ ተሞልቶባቸዋል፤ መሐሉ፣ እጅ የሚይዘው ቦታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቧንቧውን የቆረጠውም ሲሚንቶውን ያቦካውም ራሱ አብዮት ነው። በከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ምን ጉድ ነው ይኼ? ክብደቱ ደግሞ!» አለ አንደኛው ጎረምሳ።

«ጎሽ፣ እሱ ነው የሚፈለገው! ገመዱን እዚያ ላይ እሰሩት» አሉ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ።

አብዮት «እሱን ተዉት» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን የናዝራዊት ባልደረቦች፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራኑ፣ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ገቡ። ተነሳ፣ ጨበጠ፣ «አሜን» አለ። ተቀምጦ ሲያይ ገመዱ ታስሯል፤ ድንኳኑም ጸጥ ብሏል። እሷ ስታነሳው የከረመችው ብረት አሁን እሷ የምትለቀስበትን ድንኳን ይዟል። ፍቱት ለማለት አቅም አጣ።

የናዝራዊት እናት ወይዘሮ የወርቅውሃ የደረሱት የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲነሱ «ትንሽ አሟታል» ተብለዋል፤ ጅማ ሲያድሩ «ጠንከር ብሎባታል» ተብለዋል። ቀሪውን ለመንገር የደፈረ አልነበረም። ቦንጋ ደርሰው የተሳፈሩበት ባጃጅ ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ድንኳኑን አዩ።

«የማን ለቅሶ ነው?» ብለው ሾፌሩን ጠየቁት።

ሾፌሩ ማን እንደሆኑ የት ያውቃል። «የአንዲት መምህርት ነው፤ ጂኦግራፊ የምታስተምር» አላቸው።

ባጃጁ ሳይቆም ነው የወረዱት። ጭቃው ላይ በጉልበታቸው ሄዱ፤ ሦስት ሴቶች ናቸው ደግፈው ቤት ያስገቧቸው። የልጃቸውን ፊት ሳያዩ፣ አፈር ሳያለብሷት፣ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ።

ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ለገባ ለወጣው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ ጀመር።

«ደህና ነበረች እኮ! ያለፈው ፋሲካ መጥታ ነበር። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳት። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ቀድማ ወገቤን ይዛ ብድግ! ከመሬት አነሳችኝ፣ በእግዜር፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት! ‹አንቺ፣ ቦንጋ ምን ያበሉሻል?› ብላት፣ ‹ቆጮ› አለችኝ። የታመመ ሰው እንዲህ ያነሳል?»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ለአፍታ ይበራል። አብዮት በሩ ላይ ሆኖ ይሰማል።

ቡናው በፔርሙዝ ሲዞር፣ ግድግዳ የሚጋሯቸው አከራይዋ እትዬ ዘነበች ወደ አጠገባቸው ሴት ጠጋ አሉ። እትዬ ዘነበች ያንሾካሾኩ ይመስላቸዋል፤ ሹክሹክታቸው ግን ግድግዳ ያልፋል።

«እኔ ልናገር፣ በሽታው ብቻ አይደለም። ያ ብረት ነው የጨረሳት። በዚያ አቅሟ ማለዳ ማለዳ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ! ሠርቶ የሰጣት ደግሞ ባሏ።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ሲኒያቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

«አብዮት» ብለው ተጣሩ።

ገባና ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«ምን ነበር በሽታዋ?»

«ካንሰር ነው፣ እማማ። የጡት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አብዮት የከፋ ገጠር፣ የደካ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤትና ከቢሮ ነው የለመደው። ሲደክመው ቃላቱ ይጠፉበታል። አሁን ግን የጠፋው ቃል አልነበረም። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ካለ፣ ያቺን ፊታቸውን የምታበራውን መናኸሪያ ይወስድባቸዋል። ናዝራዊት ደግሞ «እናቴ እንዳትሰማ» ብላ አስምላዋለች።

«በቅርብ ነው» አለ።

«የምን ብረት ነው የሚሉት?»

«የለም አሁን። ሰጠሁት።»

«ልጄን ደህና አድርጌ ነበር የሰጠሁህ» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ።

ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ፣ ገመድ ታስሮበት፣ ብረቱ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ብሽቅ አለ፤ በራሱም በእትዬ ዘነበችም። እውነቱን ይናገር እንደሆነ፣ ለማንስ ይናገር እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ የከፋው ግን ዘነበች የተናገሩት እሱ ራሱ ሌሊት ሌሊት የሚያስበውን መሆኑ ነው። ባልሠራላት ኖሮስ?

የተጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ነው። ጅማ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ። ክፍል ተመልሳ የምትጽፈው ከሰሌዳው ግማሽ በታች ነበር፤ ካርታ የሚሰቅሉላት ተማሪዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ከኋላ ያሉት ‹ቲቸር፣ አይታየንም› አሉኝ» ብላ አለቀሰች። ጸጉሯ ሲረግፍ ያላለቀሰች ሴት!

ሐኪሟን ጠየቀች። «የማያምሽን ያህል፣ ቀስ በቀስ» አላት። በውሃ በተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጀመረች። ቀጥሎ ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ። መድኃኒት በወሰደችበት ሳምንት ማንሳት ቀርቶ መቆም ያቅታታል፤ ያኔ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ጣሳዎቹን ታያለች። «ዛሬ እነሱ ይረፉ» ትላለች። ሲሻላት እንደገና ከታች ትጀምራለች። አብዮት ቆሞ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ማየቱም ያደክም ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ነው ትልቁን ብረት ያዘዘችው።

«እናቴን በዓይን መሸወድ ይቻላል» አለችው። «ሻሼን ካየች ፎረፎር አስቸግሮኝ ተላጨሁ እላታለሁ። ስታቅፈኝ ግን ታውቃለች። እሷ ሰው ስታቅፍ አጥንት ትቆጥራለች። ጡቴም አንድ መሆኑን ታገኘዋለች።»

«አትሂጂያ።»

«ካልሄድኩ ራሷ ትመጣለች።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሳታቅፈኝ ቀድሜ አነሳታለሁ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ስልኩን አንስታ ደወለች። «እማዬ፣ ስንት ኪሎ ነሽ?» ስትል የእናትየው ድምፅ እሱ ጋ ድረስ ተሰማ፦ «ለፋሲካ ልታርጂኝ ነው? በግ ነኝ እንዴ!»

ቢሆንም ጤና ጣቢያ ሄደው ተመዝነው መልሰው ደወሉ። አብዮት የመጀመሪያውን ብረት ቡና ነጋዴው ከሚል ሱቅ ወስዶ በቡና ሚዛን ላይ አወጣው። ከሚል «ይኼ የትኛው ደን ቡና ነው?» ብሎ ቀለደበት። ቀለለ፤ ሲሚንቶ ጨመረ። ልክ ወይዘሮ የወርቅውሃን እስኪያህል ድረስ ጨመረ። መድኃኒቱ መዳፏን ልጦት ስለነበር መያዣውን በጨርቅ ጠቀለለችው።

ሁልጊዜም ብረቱን ስታወርደው እንደተኛ ልጅ ቀስ ብላ ነበር። ዘነበች በድምፁ እንዳይነጫነጩ ነው።

በሠልስቱ ዕለት ዝናቡ አባራ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለቀስተኛው ንፍሮውን ቆርጥሞ ተበተነ፤ የእድሩ ሰዎችም ድንኳኑን ሊያነሱ መጡ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከአብዮት ጋር ቃል አልተነጋገሩም።

ገመዱን የፈታው ጎረምሳ ብረቱን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ «ጋሽ አብዮት፣ ይኼን የት እናድርገው?» ብሎ ጮኸ።

አብዮት ዓይኑን ጨፈነ።

ሲገልጠው እናትየው ተነስተዋል። ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብለው መያዣው ላይ ያለውን ጨርቅ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ከጭቃው ሥር አረንጓዴና ቀይ ጥለት ወጣ።

«ይኼ የኔ ነጠላ ነው» አሉ። «አሮጌውን ላኪልኝ አለችኝ። ናፍቄያት መስሎኝ።»

«ናፍቀዋትም ነበር» አለ አብዮት። ከዚያ ወዲያ መዋሸት ደከመው። «እማማ፣ ዋሽቻለሁ። ብረቱ ይኸው ነው። በሽታውም በቅርብ አይደለም፤ ከፋሲካ በፊት ነው። እኔን አስምላኝ ነው።»

«ከፋሲካ በፊት?»

«ቀዶ ሕክምናውም፣ መድኃኒቱም። ‹ካቀፈችኝ ታውቅብኛለች› ብላ ፈራች። ኪሎዎን የጠየቀችዎት ለዚህ ነው። ይኼ እርስዎን ነው የሚያህለው፣ ልክ እርስዎን። ማለዳ ማለዳ የምታነሳው እርስዎን ነበር።»

ጎረምሶቹ ሸራውን ማጠፍ ትተው ቆሙ። ወይዘሮ የወርቅውሃ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ጤና ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተመዘንኩላት» አሉ ቀስ ብለው። «እናት ነኝ ብዬ! እንዲህ ተሸክማኝ አላወቅሁም?»

«እንዳያውቁ ነው የደከመችው።»

«ያን ቀን አመማት?»

«ማታ ደወለችልኝ። ክንዷ አብጦ ነበር። ግን ትስቃለች። ‹አነሳኋት! አላወቀችብኝም!› ትላለች፣ ደጋግማ።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የወጣው ድምፅ ልቅሶም ሳቅም ነበረበት። ቆይተው፣ በቀጥታ እያዩት ጠየቁ።

«ገደላት ወይ፣ ብረቱ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ራሱን ጠይቆታል። አሁን ሌላ ሰው ሲጠይቀው መልሱ ሳይቸግረው ወጣ።

«አልገደላትም። በሽታው ጉበቷ ላይ ወጣ። ብረቱ አላዳናትም፣ እውነት ነው። ግን ሰሌዳው ላይ እስከ ላይ ድረስ ጻፈች። እርስዎንም አነሳች።»

እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ገብተው በራቸውን ዘጉ።

«ያዝ» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ።

«ይተዉት፣ ልጆቹ ያስገቡታል።»

«ያዝ አልኩህ።»

አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሳቸው ይዘው ተነሱ። ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ ሁለቴ እያረፉ፣ ጓሮ በረንዳው ደረሱ። ድሮ የሚቀመጥበት ባዶ የቡና ጆንያ እንደተነጠፈ ነው። አብዮት እጁ ዝሎ ሊለቀው ሲል ራሱን ገታ።

«ቀስ ነው የምታወርደው» አለ። «አትጥለውም ነበር።»

ቀስ ብለው አወረዱት። እትዬ ዘነበች ከግድግዳው ማዶ ጆሮ ቢጥሉ እንኳ ምንም አይሰሙም ነበር።

ሁለቱም ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ተያዩ። አብዮት ለሦስት ቀን እንደለመደው፣ ሳያስበው፣ እጁን ለመጨበጥ ዘረጋ። «አሜን» ሊልም አፉን ከፍቷል። ወይዘሮ የወርቅውሃ እጁን አልያዙም። አልፈውት፣ በጭቃ የተለወሱ ክንዶቻቸውን ዙሪያውን አሳልፈው አቀፉት። ጣቶቻቸው ጀርባው ላይ አረፉ፤ ከአንዱ አጥንት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው፣ እየዳበሱ ወረዱ።

«ምንም አልበላህም» አሉት።