ከየቤቱ አንድ ፍልጥ

አልጣሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ስትደርስ የእድሩ ሰዎች ጉድጓዱን ወገብ ድረስ አውርደውት ነበር።

"ሊበን፣ ይብቃችሁ። ባሌ አይቀበርም።"

ሊበን ዶማውን እንደያዘ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ። በእሱ አይፈረድም። አሰላ ላይ ሰው ሞተ ሲባል ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል እንጂ፣ ሟቹ ይቀበራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሟቹ ራጋቫን ነው። ከህንድ መጥቶ የከተማውን ልጅ ሁሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ ጡረታ ሲወጣም "ደግሞ ወዴት ልሂድ?" ብሎ እዚሁ የቀረ ሰው። አገሬው "ቲቸር" ነው የሚለው። ከአልጣሽ ጋር ልጅ አልወለዱም። በመጨረሻው ሰሞን እጇን ይዞ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ አባቶቹ በእሳት እንድትሸኘው። እሺ ብላዋለች።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ከዲሮ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ። ቦታውን ማዘጋጃ ቤት ተመላልሰው ያስፈቀዱት እሳቸው ናቸው።

"አልጣሽ፣ ልጄ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። ሰው እንዴት ይቃጠላል?"

"የእነሱ ወግ ነው ኦቦ። አዲስ አበባ ህንዶቹ ማቃጠያ ቦታ አላቸው፤ አነጋግሬያቸዋለሁ።"

"ጎረቤቱ ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል። ቃል የገባሁት ለባሌ ነው።"

ስልኳ ጠራ። የህንዶቹ ማኅበር ሰው ነበር።

"በጋዝ ይሁን በእንጨት? ጋዙ ቶሎ ይጨርሳል፣ እናንተም አትደክሙም። በእንጨት ካላችሁ ግን ደረቁን እንጨት የሚያመጣው ቤተሰብ ነው።"

በጋዝ ልትል አፏን ስትከፍት ወንዶቹን አየቻቸው። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል። የኦቦ ከዲሮ ዓይን ቀልቷል። አንጀቷን በሏት።

"መልሼ ልደውል" ብላ ስልኩን ዘጋች። "ኦቦ፣ የከፋዎት ማቃጠሉ ብቻ ነው?"

"እሱንማ ወላሂ አልወደድኩትም። ግን ሰው ሲሞትብን እያንዳንዳችን አፈር እናለብሰዋለን። ቲቸርን በባዶ እጃችን ልንሸኘው ነው?"

አልጣሽ እዚያው ቆማ ደወለች። "በእንጨት ይሁን" አለች። ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረች።

"ከየቤታችሁ አንድ አንድ ደረቅ ፍልጥ ስጡኝ። አስከሬኑን በሚወስደው አይሱዙ ላይ ጭኜው እሄዳለሁ። የእናንተ አፈር እሱ ይሁን።"

ሁሉም ኦቦ ከዲሮን ያያል። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ።

"ፍልጡን እሰጣለሁ" አሉ። "እሳቱን ግን አልለኩስም።"

"እሳቱን የምለኩሰው እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና መንገዱን ያዙ፤ ሌሎቹም አካፋቸውን ተሸክመው ተከተሏቸው። ሊበን ብቻ ቀረ። የተከፈተ ጉድጓድ ጥሎ መሄድ ከብዶታል።

"እትዬ፣ ይሄንንስ ልድፈነው?"

አልጣሽ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። ራጋቫን ስለ እሳቱ እንጂ ስለ አመዱ የነገራት የለም።

"አትድፈነው" አለች። "አመዱን ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያ ዝናብ እንዳይገባው ቆርቆሮ ጣልበት።"