አከራይዋ በእንግድነት የመጡ ጊዜ

ሂልካና ባሏ ራይሞ በስፔን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብላ ያለችውን ነጭ ቤት ሲከራዩ ያ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ራይሞ በሰሜን ፊንላንድ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከመንገድ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና ነድቷል። ጡረታ በወጣ ማግሥት "ከእንግዲህ በረዶ የማየው በቴሌቪዥን ነው" አለ፤ ቃሉንም አላጠፈም። ኅዳር ሲገባ ሻንጣውን ይሸክፋል፣ መጋቢት ሲያልቅ ይመለሳል።

ማንም ያልነገራቸው ነገር ቢኖር የዚያ አገር ቤት ከውስጥ እንደሚበርድ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ የሸክላ ንጣፍ፣ መስኮቱ ጠባብ፤ የሐምሌን ሐሩር እንዲመክት የተሠራ ቤት ስለሆነ ጥር ላይ ጉድጓድ ነው። ራይሞ ከሰዓት በኋላ ደጅ በካናቴራ ፀሐይ ሲሞቅ ይቆይና፣ ቤት ሲገባ የጠጉር ቆቡን ያጠልቃል።

"ስወጣ የማወልቅበት፣ ስገባ የምደርብበት አገር አመጣሽኝ" ይላታል ሚስቱን።

"ማን ነው ያመጣው?" ትላለች ሂልካ፣ ከሁለት ሹራብ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ።

ይኸው ብርድ የሚፈራ ሰው ግን ጠዋት ጠዋት ባሕር ገብቶ ይዋኛል። በአገሩ የሐይቅ በረዶ ሰብሮ የሚገባ ሰው ስለሆነ የጥር ባሕር ለእሱ ለብ ያለ ገንዳ ነው። የሰፈሩ ሰው ከሰኔ በፊት እግሩን እንኳ አያስነካም። ስለዚህ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ተመካከሩና፣ ሰውዬው ስእለት አለበት፣ ሚስቱ ታማበት መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። ሂልካ ገበያ በወጣች ቁጥር ብርቱካን በእጇ ያስጨብጧታል፤ "አይዞሽ፣ ትድኛለሽ" ይሏታል። ነገሩ የገባት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ "አልታመምኩም" ብሎ ብርቱካኑን መመለስ ነውር መሰላት።

ስፔንኛ የተማረችው እዚያው አገሯ፣ በማታ ትምህርት ነው። መግባባቱን ትግባባለች። ችግሯ አንድ ነበር፦ በእሷ ቋንቋ "እሱ"ም "እሷ"ም አንድ ቃል ስለሆነ፣ ወንድና ሴት መለየት ሲመጣ ምላሷ ይተሳሰራል። ዓሣ ሻጩን "እሷ"፣ ሚስቱን "እሱ" ስትል ሁለት ዓመት ሆናት፤ ባልና ሚስቱ መሳቁን ትተው ለምደውታል።

በጥር መጀመሪያ ዝናብ ባረፈደበት አንድ ቀን ራይሞ ፎጣውን በአንገቱ ጠምጥሞ ከባሕር ተመለሰ፤ ግን ወደ ውስጥ አልገባም።

"ሂልካ፣ እስቲ ነይ። ደጃፉ ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሻንጣ ይዘዋል። አከራያችን መሰሉኝ።"

እውነትም የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ በአክብሮት "ዶኛ" የሚላቸው ኤንካርና ነበሩ። ሂልካ ያየቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቁልፍ ያስረከቧት ዕለት ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የብርዱን ወራት ግራናዳ ከተማ፣ ከልጃቸው ከአምፓሮ ዘንድ ያሳልፋሉ፤ ቤቱም በእነዚያ ወራት ይከራያል። አሁን ጥቁር ካፖርታቸው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ የገዛ በራቸው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ነበር።

"አላስቸግራችሁም፤ አንድ ዕቃ ረስቼ ነው" አሉ።

"ምን ዕቃ?" አለች ሂልካ።

ዶኛ ኤንካርና ትንሽ አሰቡ። "ድስት" አሉ።

ድስቱ በአንድ ደቂቃ ተገኘ። ጭናቸው ላይ አድርገውት ወጥ ቤት ተቀመጡ። ሻይ ቀረበ፤ ጠጡ። ምሳ ቀረበ፤ በሉ። የግራናዳው አውቶቡስ የሚሄድበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ፤ ድስቱ አሁንም ጭናቸው ላይ ነው። ሂልካ ዕድሜዋን የሠራችው በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ያልፈለገ ልጅ ጫማውን እያሰረ እየፈታ እንዴት እንደሚቆይ ታውቃለች። ራይሞን ሳታማክር ተናገረች።

"ትንሹ ክፍል ባዶ ነው። አልጋ አለው። ይደሩ።"

"እንዴት ይሆናል? ቤቱ እኮ እስከ መጋቢት የእናንተ ነው።"

"የእኔ ከሆነ እንግዳ የማስገባው እኔ ነኛ" አለች ሂልካ።

ዶኛ ኤንካርና ያን ጊዜ ድስቱን ከጭናቸው አነሡት።

ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በመጀመሪያ ያደረጉት ቤቱን መዞር ነው። መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ወፍራም ጨርቅ አይተው ቆሙ። ራይሞ ንፋስ እንዳያስገባ ብሎ የሰቀለው ነው። መታጠቢያ ክፍል ገብተው ፎጣ ማድረቂያ የሆነችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አዩ። በረንዳው ላይ አበባ የተደረደረበትን ክብ ጠረጴዛ አዩ።

"ጠረጴዛዬን ገነጣጥላችሁ ሦስት ቦታ በተናችሁት" አሉ።

ጠረጴዛው ወደ ሳሎን ተመለሰ። ማሞቂያዋ ከሥሩ፣ ከእግሮቹ መካከል ባለው ክብ ቦታ ገባች፤ ከላይ ያ ወፍራም ጨርቅ እስከ ወለል ድረስ ተዘረጋ። ዶኛ ኤንካርና ሁለቱን አስቀምጠው ጨርቁን ጭናቸው ላይ ሳቡላቸው። ሙቀቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። ራይሞ ቆቡን አወለቀ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ማሞቂያችን ፎጣ ሲያደርቅ ነበር" አለ። ሂልካ ተረጎመችላቸው፤ ዶኛ ኤንካርና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

የመጡበትን ጉዳይ የነገሯቸው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

"ልጄ ክፉ አይደለችም። ቤቷ ይሞቃል፣ አልጋው ይመቻል። ግን ቢላ አታስነካኝም። 'እማ ተቀመጪ፣ እማ ትወድቂያለሽ፣ እማ እኔ አደርገዋለሁ።' ተቀምጬ ውዬ ተቀምጬ አመሻለሁ። ሰው ሳይሞት ፎቶ ሆኖ ይሰቀላል እንዴ?"

ለአምፓሮ ሞትሪል ከተማ ወዳለችው ዘመዳቸው ወደ ፓካ እንደሄዱ ጽፈው ነበር የወጡት። በየማታው እየደወሉ "ደህና ነኝ፣ ፓካ ሰላም ብላሻለች" ይሏታል። ሂልካ ይህ ነገር አልተመቻትም። "ይንገሯት እንጂ" ስትል፣ "ነገ" ይሏታል። ነገ ሦስት ሳምንት ሆነ።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ግን ቤቱ ቤት ሆነ። ዶኛ ኤንካርና ድንች ይልጣሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ይቆጣሉ። ሂልካ ያገሯን የዓሣ ሾርባ በወተት ስትሠራ "ዓሣ በወተት? ይህ ለታመመ ድመት ነው" አሉና ሁለተኛ ሳህን አስጨመሩ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም እግራቸውን ከጨርቁ ሥር ከተው ካርታ ይጫወታሉ። ዶኛ ኤንካርና ያጭበረብራሉ፤ ራይሞ ያያል፣ ዝም ይላል። አንዴ አራተኛ ንጉሥ ከእጅጌያቸው ሲወጣ ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ።

ፀሐይ የወጣ ቀን ወደ ባሕሩ ወርደው ራይሞ ሲዋኝ ተመለከቱ።

"ስእለቱ መቼ ነው የሚያልቅለት?" ብለው ሂልካን ጠየቋት። ስእለት እንደሌለበት ስትነግራቸው አላመኑም። "ወዶ ነው? ያለ ምክንያት?"

"እርስዎ ዋኝተው አያውቁም?"

"እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ባሕር መሥሪያ ቤት ነው። ማን መሥሪያ ቤት ሄዶ ይዋኛል?"

ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራይሞ ጋር መውረድ አላቋረጡም። በየቀኑ ወንበራቸውን ወደ ውሃው ትንሽ ትንሽ ሲያስጠጉ ሂልካ አስተውላለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሂልካ ብቻዋን ሳህን ስታጥብ ስልኳ ጠራ። አምፓሮ ናት።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው። እናቴን አይታችኋል? ፓካ አሁን ደውላልኝ ነበር። እናቴን ካየቻት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ሳምንት የት እንደከረመች አላውቅም።"

ሂልካ ምንም ብትሆን መዋሸት አትችልም። ስትደነግጥ ደግሞ የማታ ትምህርቷ በሙሉ ከጭንቅላቷ ይበናል።

"እናትሽ ደህና ነው" አለች።

"ማን ነው ደህና?"

"እሱ። እዚህ ይተኛል። አሁን ከባሌ ጋር ወደ ባሕር ሄዷል። ዛሬ ካልሲውን አወልቃለሁ ብሏል።"

"ካልሲውን የሚያወልቀው ማን ነው?" አለች አምፓሮ በቀስታ።

"እናትሽ።"

"አሁን መጣሁ" አለች አምፓሮ፤ ስልኩ ተዘጋ። ሂልካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ባሕሩ ሮጠች፤ ግን ምን ብላ ልታስጠነቅቅ? ስትደርስ ዶኛ ኤንካርና ቀሚሳቸውን ቋጥረው፣ የራይሞን ክንድ ጨብጠው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ዓሣ ሻጮቹ ሥራቸውን ትተው ተሰልፈዋል፤ አንዷ ታማትባለች።

"አምፓሮ እየመጣ ነው" አለች ሂልካ።

"እየመጣች" ብለው አረሟት ዶኛ ኤንካርና። ፊታቸው ግን ተለወጠ። ከውሃው አልወጡም። እንደውም አንድ እርምጃ ጨመሩ። እግራቸው ሲደነዝዝ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ፤ ወደ ቤት እንሂድ ሲሏቸው አሻፈረኝ አሉ።

ከግራናዳ እዚያ ድረስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አምፓሮ ጫማዋን በእጇ ይዛ አሸዋውን እያቋረጠች መጣች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ የመሥሪያ ቤት ልብስ የለበሰች ሴት ናት። እናቷ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ነበሩ።

"መጣሽ? ውሃው እንደሚወራው አይደለም" አሏት።

አምፓሮ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው።

"ሦስት ሳምንት ዋሸሽኝ እማ።"

"ብነግርሽ ትመልሺኛለሽ።"

"አዎ እመልስሻለሁ። አባዬ ከዚያ ቤት ደረጃ ላይ ሲወድቅ ብቻሽን ነበርሽ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልሽልኝ። ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ። ያንን የጥሪ ዝርዝር ከስልኬ እስከዛሬ አላጠፋሁትም።"

ዶኛ ኤንካርና ይህን አያውቁም ነበር። እሳቸው እንደሆነ የደወሉትን ብዛት ከረሱት ቆይተዋል። የራይሞን ክንድ ለቀው ብቻቸውን ከውሃው ወጡና ልጃቸው ፊት ቆሙ።

"ብታነሺስ ምን ታደርጊ ነበር? ከግራናዳ ትይዢው ነበር?" አሏት። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ በልጅነት ቁልምጫዋ ጠሯት። "አምፓሪቶ፣ በዚህ ምክንያት ነው ድንች እንዳልልጥ የከለከልሽኝ?"

አምፓሮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሂልካ ደግሞ ራሷ የሠራቻቸውን የሱፍ ካልሲዎች ከእግሯ አውልቃ ለአሮጊቷ ሰጠች። ዶኛ ኤንካርና በአንድ እግራቸው ቆመው ማጥለቅ ጀመሩ። ተወዛወዙ። የአምፓሮ እጅ ሊደግፋቸው ተዘረጋ፤ ከዚያ መሃል ላይ ቆመ፣ ተመለሰም። ዶኛ ኤንካርና ሳይወድቁ ሁለቱንም አጠለቁ።

"አሁን ርቦኛል" አሉ።

ምሳ የተበላው በዚያው ጠረጴዛ ነው። ሰርዲኑን የጠበሱት ዶኛ ኤንካርና ናቸው፤ አምፓሮ ዘይቱ በፈነጠቀ ቁጥር ከወንበሯ ትነሣና መልሳ ትቀመጥ ነበር። ራይሞ ስለ ደረጃው የተባለውን ሚስቱ ስትተረጉምለት ሰምቶ፣ ምግቡን ሳይጨርስ ሜትር ይዞ ወጣ። ሰኞ ዕለት የብረት መደገፊያ ገዝቶ ደረጃው ላይ ከላይ እስከ ታች ገጠመ። በሚቀጥለው እሑድ አምፓሮ ሥራውን ልታይ መጥታ መደገፊያው ላይ በሁለት እጇ ተንጠለጠለች፤ እግሯን ከመሬት አነሣች። አልተነቃነቀም።

"እስከ መጋቢት ቆዪ" አለቻት እናቷን። "ግን እሑድ እሑድ እመጣለሁ። እውነቱን ትነግሪኛለሽ።"

ዶኛ ኤንካርና በበኩላቸው ከቤቱ ግማሹን ስለያዝኩ የኪራዩን ግማሽ ልመልስ ብለው ተነሡ። ራይሞ እምቢ አለ። "ገንዘቡ ይቅር። ካርታውን ሳያጭበረብሩ ይጫወቱ፣ ይበቃናል" ብሎ በሂልካ አስነገራቸው።

ዶኛ ኤንካርና አሰቡበት። "እንግዲያው ገንዘቡን ውሰዱ" አሉ።

አምፓሮ መጀመሪያ የምትመጣው ለምሳ ነበር። በሁለተኛው እሑድ ለቁርስ ደረሰች። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ የሌሊት ልብሷን በቦርሳ ይዛ መጣች፤ በትንሹ ክፍል ከእናቷ ጋር በአንድ አልጋ ተኝታ በማግሥቱ አንገቷ ተጣሞ ተነሣች። ከጠረጴዛው ሥር ስምንት እግር ሲገባ ማሞቂያዋን ማን እንደያዘ ክርክር ተነሣ። ሂልካ ካርታ መያዝ አስተማረቻት፤ ማጭበርበሩን ግን ከእናቷ ወርሳው ኖሯል።

ራይሞ ማክሰኞ ዕለት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ታጣፊ አልጋ በጀርባው ተሸክሞ ገባ።

"እኛ እዚህ የመጣነው ፀጥታ ፍለጋ ነበር" አለ በሩ ላይ ቆሞ።

"ታዲያ?" አለች ሂልካ።

"ታዲያማ በዚያኛው በኩል ያዢልኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ።"