ሙሉውን ለከፈለ ቅናሽ አለው

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ አይታማም፤ የሚያሳማት ሰው ማመኗ ነው። ነጋዴው «አዲሷ የስፌት መኪና በወር ውስጥ ከውጭ ትገባለች፤ ሙሉውን ቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ አለው» ሲላት፣ ግማሹን ብቻ ስጪው ብላት አሻፈረኝ አለች።

ገንዘቡ የራሷ ቢሆን ባልተናደድኩ። የሰፈሩ እናቶች ለልጆቻቸው ዩኒፎርም እንድትሰፋ የሰጧት ቀብድ ነው። አልሞላ ሲላት አሮጌዋን መኪና ሸጠች።

«አዲሷ መጀመሪያ እጅሽ ትግባ» አልኳት።

«እትዬ ደግሞ፣ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሳቀችብኝ። ሱቁ ውስጥ ባለችው ናሙና የሰፋችውን ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ «እዪ፣ አንድ ቦታ እንኳን አልዘለለችም» አለችኝ። እውነትም ስፌቷ ያምራል።

ወሩ አለፈ። ነጋዴው መጀመሪያ «ወደብ ደርሳለች» አለ፤ ቀጥሎ «ጉምሩክ ይዟታል»፤ ከዚያ ስልኩን ዘጋ። ተያይዘን ስንሄድ ሱቁ ተከርችሟል፤ ደጃፉን እንደኛው የተቃጠሉ ሴቶች ሞልተውታል። በመስታወቱ ውስጥ ናሙናዋ ብቻዋን ትታያለች።

«ያቺ የኔ ናት፤ ሰፍቼባታለሁ» አለች አንዷ፣ ቁራጭ ጨርቅ እያሳየች።

«እኔስ?» አለች ሌላዋ። እሷም ቁራጭ ይዛለች። ሁሉም ይዘዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እህቴን ግን መቆጣት አቃተኝ፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

ትምህርት ሊጀመር ሰሞን አንዲት እናት በራችንን አንኳኳች። እህቴ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ በእጇ «የለችም በያት» አለችኝ። ለማንም ዋሽቼ አላውቅም።

«የለችም» አልኩ።

ሴትዮዋ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ጋዋኗን እንኳን አላወለቀችም። «ሰፊዎች ቀብድ እየበሉ ጠፉ እየተባለ ነው» አለች። «የኛዋ እንደነሱ አይደለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ምናልባት ጨርቅ ተወዶባት ይሆናል። ቀሪውን ሒሳብ አሁኑኑ ልስጣት፤ ብቻ ልጄ ከጓደኞቿ እንዳትለይብኝ።»

ገንዘቡን ዘረጋችልኝ። አልቀበልም ብል ጉዳችን ሊወጣ ነው። ከበሩ ጀርባ እህቴ አፏን በእጇ አፍና ታለቅሳለች።

ተቀበልኳት። ሴትዮዋ መርቃኝ ሄደች፤ ደረሰኝ እንኳን አልጠየቀችኝም።