ወራጁ ዜማ

ራትሪ ሆስፒታል ውስጥ የአባቷን ትራስ እያስተካከለች ሳለ ከመጋረጃው ማዶ ያ ድምፅ ተሰማ፤ ሦስት ለስላሳ ኖታዎች፣ ከላይ ወደ ታች። ትራሱን ትታ አዳመጠች።

ድምፁን የሠራችው እሷ ናት። እዚሁ የኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግታ የሕመምተኞችን ትንፋሽና ልብ ለሚከታተለው ሞኒተር ቋንቋ ስታበጅለት ከርማለች። ሦስት ኖታ ኦክስጅን ነው፣ አራት ኖታ ልብ፤ ዜማው ከወጣ ደህና፣ ከወረደ አደጋ። ሕመምተኛ እንዳይደነግጥ ተብሎ ሻካራውን ሁሉ አለዝባዋለች።

ዜማው እንደገና ወረደ። ሁለት አልጋ ርቃ ቁስል የምታሽገው ነርስ ላስትሪ ቀና እንኳ አላለችም።

«ሲስተር! አይሰማሽም እንዴ?»

«ዳቦ ሻጩ ነው እኮ!» ላስትሪ ሳቀች። «ሁሌ በዚህ ሰዓት የጋሪውን ዜማ እያሰማ በመስኮቱ ሥር ያልፋል። ከፈለግሽ ሩጪ፣ ባለቸኮሌቱ ቶሎ ያልቃል።»

ራትሪ መጋረጃውን በረገደችው። አልጋው ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ የኦክስጅን ቱቦው ከአፍንጫው ወልቆ አንገቱ ሥር ተወሽቋል። ሞኒተሩ በትሕትና ያዜማል።

«ሰውየው እየሞተ ነው!»

ላስትሪ መቀሷን ጥላ መጣች። ጭምብል ገጠመችለት፣ ደረቱን ቀና አደረገችው፣ ስሙን እየጠራች ፊቱን መታ መታ አደረገችው። ሰውየው በስንት መከራ አየር ሳበ።

«ያ ረቢ!» አለች ላስትሪ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ። «ይህን ዜማ ያወጣው ሰው ግን ምን ነክቶት ነው?»

ራትሪ ወደ አባቷ አልጋ ተመለሰች።

«ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ፤ ሰውየውን ታውቂዋለሽ?» አሏት አባቷ።

«አላውቀውም፣ አባዬ።»

ኮሪደር ወጥታ ሞኒተሩን በሚሠራው ኩባንያ ላለው አለቃዋ ደውላ የሆነውን ነገረችው።

«ሞኒተሩ በሰዓቱ ጮኋል» አላት ሄንድራ። «ጥፋቱ የነርሷ ነው። አንቺ አርፈሽ አባትሽን አስታምሚ።»

«አልጮኸም፣ ፓክ ሄንድራ። ዘፈነ።»

ስትመለስ ላስትሪ የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ላይ አቀርቅራለች። «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «የነርስ ቸልተኝነት» ብላ ጽፋለች።

«እንጀራዬ ዛሬ አበቃ» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«እስኪ እስክሪብቶውን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

ራትሪ ሁለቱን ቃላት ሰረዘቻቸው። በላያቸው «የሞኒተሩ ድምፅ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ድምፁን የሠራችው እሷ መሆኗን፣ ሙሉ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን።