ወለሉ የዋጠው ሸምበቆ

አማቴ ቢካጆን የክፍላችንን እርጥብ ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱና ወደ እኔ ዞሩ።

"ውሃ ታበዢያለሽ! ግቢውን እርጪ አልኩሽ እንጂ አጥለቅልቂው አልኩሽ?"

አዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ "እሺ እማማ" ነው የምትለው፤ እኔም እሺ አልኩ። በልቤ ግን ተናደድኩ። በከተማችን በኺቫ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ግቢ ረጭታ የማትጠርግ ሙሽራ የት አለች? ስቀንስ ደግሞ ጎረቤታችን አናጆን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "ሰነፍ አገባችሁ እንዴ?" ትላለች። እህ! የቱን ላድርግ?

ለእኔና ለባሌ ለኦላናዛር ከአሮጌው የጭቃ ቤት ጎን የተቀጠለችው ክፍል ዓመት እንኳን አልሞላትም። ታምራለች። ብቻ አሮጌውን ግድግዳ በምትነካበት ጥግ ርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ልስኑን ያረግፋል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። እዚያው ጥግ የተደረደሩት እናቴ ክረምቱን ሙሉ የሰፋችልኝ የጥጥ ብርድ ልብሶች ናቸው። የታችኛውን ሳነሳው ሻጋታ ሸተተኝ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል!

እናቴ ደግሞ እሁድ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እናቴን አታውቋትም። "ልጄን ረግረግ ውስጥ ጣላችኋት!" ብላ ዕቃዬን ጋሪ ላይ ጭና፣ እኔን ከላይ አስቀምጣ ይዛኝ ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ ኦላናዛርን እወደዋለሁ፤ የትም መሄድ አልፈልግም።

እሁድ ጠዋት እያጉረመረምኩ ስጠርግ የአሮጌውን ቤት ግርጌ ልብ ብዬ አየሁት። በየቀኑ ውሃ የምረጭበት ግድግዳ ደረቅ ነው! የድሮ ሰዎች ከመሠረቱ በላይ ሸምበቆ አነጥፈው ነው ጭቃውን ያቆሙት፤ ከምድር የሚወጣው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ሸምበቆውን እየተከተልኩ ጠረግኩ፣ ጠረግኩና ክፍላችን ገባሁ። ሸምበቆ የለም። ወለላችን ውጦታል።

ወዲያው ገባኝ። ክፍሏ በደቦ ነው የተሠራችው። ለደቦ የተሠራውን የሩዝ ፓላቭ በልቶ ባዶ አካፋ ይዞ መታየት የሚፈልግ ወንድ ደግሞ የለም። ወለሉን ሙሉ ሲባሉ ሞሉ፣ ሞሉ፣ አፈሩ ከሸምበቆው በላይ ወጥቶ አሮጌው ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ውሃው በአፈሩ በኩል አለፈዋ!

አካፋ አነሳሁና ጥጉን መቆፈር ጀመርኩ። ሸምበቆው ከአፈሩ ሥር ብቅ አለ።

"ያ አላህ! አበደች! ቤቴን ልታፈርስ ነው!" አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋቸው። "ውሃው የኔ አይደለም እማማ። ይኸው ይዩ!"

ጎንበስ ብለው አዩ። የረጠበውን ሸምበቆ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "'ጨምሩ፣ ጨምሩ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ቤት ስገባ ወለሉ ከሁሉ ዝቅ ያለ ክፍል ነበር የሰጡኝ። የኔ ምራት ከፍ ብላ ትቀመጥ ብዬ ነው።"

ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው "ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ? ቆፍሪ!" አሉኝ። ጫጫታውን ሰምቶ የመጣው ኦላናዛር ውሃ እንዳያልፍ በአዲሱና በአሮጌው ግድግዳ መገጣጠሚያ የሚወተፍ፣ ሬንጅ ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ሊያመጣ ሮጠ፤ እኛም ወለሉን ከሸምበቆው በታች ልናወርድ ተያያዝነው።

ሁለታችንም እስከ ክርናችን ጭቃ እንደሆንን እናቴ ከች አለች። የሻገተውን ብርድ ልብስ አየች፣ እኔን አየች።

"ልጄን ጉድጓድ ያስቆፍሯታል?"

አማቴ አካፋቸውን እንደያዙ በመሀላችን ቆሙ። "ብርድ ልብሱን ጭነው መሄድ ይችላሉ። ግድግዳውንም ከፈለጉ ይጫኑ! ልጅቷን ግን አልሰጥም።"

እናቴ ጫማዋን አወለቀች።

"ሌላ አካፋ አለ?" አለች።