ሳንቲም ያልተሰጠበት ቢላዋ

ላውታሮ ከተቀበረ አምስት ሳምንት ሆነው፤ እናቱ ኔሊዳ ግን አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ «ጠንካራ ሴት» አሏት፤ ሰንበትበት ሲል ደግሞ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። የታንዲል ከተማ ሰው ለቅሶ ደርሶ የሚያለቅስ ካላገኘ የተዘረፈ ያህል ይከፋዋል። እሷ ግን ምንም አይመስላትም። ትነሳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ የማቴ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ለራት ሁለት ሳህን ታቀርባለች፤ አንዱን እንደቀረበ መልሳ ታነሳዋለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቢላዋ ሠሪው ዶን ቤሊሳሪዮ መጣ። ላውታሮ ሞተር ብስክሌት እስከገደለው ቀን ድረስ የሠራው እሱ ዘንድ ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ልጅዎ ለልደትዎ ብሎ ሲሠራልዎት የነበረ ነው። እጀታውንም ጨርሶታል። እኔ ስለቱን ብቻ ነው የሳልኩት።»

ኔሊዳ ጋዜጣውን ገለጠች። ሰፋ ያለ፣ ለእጅ የሚመች የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። የድሮው ከዶለዶመ ወዲህ በሊጥ ተጠቅልሎ ለሚጋገረው ኤምፓናዳ የሚሆነውን ሥጋ ሉካንዳ እያስፈጨች ነበር የምታመጣው። ላውታሮ በነከሰ ቁጥር፣ «ማማ፣ ይሄን ማን አኝኮ ሰጠሽ?» ይላት ነበር።

እጇ በልማድ ሽርጧ ኪስ ገብቶ ሳንቲም ይዞ ወጣ። በታንዲል ቢላዋ በነጻ አይሰጥም። ተቀባዩ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ካልሰጠ ቢላዋው በመካከላቸው ያለውን ፍቅር ይቆርጠዋል። በዚህ ሰበብ የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉ ይባላል። እኔ የማውቃቸው በመሬት ነው የተጣሉት፤ ግን ማን ይሰማል።

ዶን ቤሊሳሪዮ እጁን ሰበሰበ።

«እኔ መቀበል አልችልም፣ ዶኛ ኔሊዳ። ሰጪው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለማን ልስጥ?»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። ይሄን ሁሉ ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ያቆየሁት ለዚሁ ነው። ከፈለጉ መልሼ ልውሰደው። እዚያው ይቀመጥ፤ በእርስዎና በልጅዎ መሃል ምንም አይግባ።»

ኔሊዳ ሳንቲሟን አየች። አምስት ሳምንት ሙሉ ልጇን በልቧ ይዛው ነበር፤ ሥራ ላይ እንዳመሸ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደሚገባ ልጅ። ቢላዋውን ካልወሰደች እንደያዘችው ትኖራለች። ከወሰደችው ግን ያመልጣታል። ፈራች ማለት አይቻልም፤ መፍራትም አቅም ይጠይቃል። ደክሟት ነበር፣ በቃ።

«ይተዉት» አለች። «ሥጋ አለ፤ ከሚበላሽ ልክተፈው።»

«ሳንቲሙስ?»

«የሚቀበል የለም አሉኝ እኮ። ቁጭ ይበሉ፤ ቀምሰው ይሄዳሉ።»

ሳንቲሙን ኪሷ መለሰችው።

ቢላዋው ሥጋው ውስጥ ሲገባ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ደቀቅ ደቀቅ፣ እኩል እኩል አድርጋ ከተፈችው። ሽንኩርቱንም አስከተለች። ድስቱን ጥዳ ከሙንና በርበሬ ጨመረችበት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። በማንኪያ ጨለፍ አደረገችና እፍ እፍ ብላ፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ በሩ ዘረጋችው።

«ላውታሮ፣ ና እስቲ ጨው ቅመስልኝ።»

ማንኪያው እንደተዘረጋ ቆየ። ዶን ቤሊሳሪዮ ከወንበሩ ተነሳ።

«ሞቷል እኮ» አለችው ኔሊዳ፣ እሱ ያልሰማውን ወሬ እንደምትነግረው ሁሉ።

«አዎ፣ ዶኛ ኔሊዳ። ሞቷል።»

እሳቱን አጠፋች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ልጇን በስሙ እየጠራች አለቀሰች።