የብሪቱ ቢሮ ቁልፍ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮ ሲሰጠን ወንበር የለም፤ ወንበር ሲመጣ ደግሞ ቢሮው ለሌላ ተሰጥቶ እናገኘዋለን። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁት ሴቶችን ለአመራር እንዳሠለጥን ነው። የማስተምረውን ከልቤ አምንበት ነበር፤ አሁንም አምንበታለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከሠልጣኞቼ ሁሉ ልቤን የወሰደችው ብሪቱ ናት፤ ከማንቡክ አካባቢ የመጣች የጉሙዝ ሴት። መጀመሪያ አካባቢ ዝም ብላ ነበር የምትቀመጠው። አማርኛው ከብዷት ይሆናል ብዬ ተውኳት። አንድ ቀን ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ ስንለማመድ እሷን ሰብሳቢ አደረግኋትና እኔ ሴቲቱ ስብሰባ የሚረብሽ ወንድ መስዬ ተነሣሁ። ንግግሯን አቋረጥኳት፣ ጮኽኩባት፣ ጠረጴዛውን መታሁ። ንቅንቅ አላለችም።

«አንተ ቁጭ በል» አለችኝ። «እጅ አላወጣህም። አፍ ብቻ አወጣህ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ «ሊቀመንበር» እያልን ነበር የምንጠራት። አገሯ ስትመለስ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ አድርገው ሾሟት። እኔ የተሾምኩ ያህል ነበር የፈነደቅሁት።

ከወራት በኋላ ሥራውን እንዴት እንደያዘችው ለማየት ሄድኩ። ማንቡክ በካርታ ሲያዩት ለአሶሳ ቅርብ ነው። አባይ መሀል ስለገባ ግን በወለጋ ዞሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በጎጃም በኩል ተመልሶ ነው የሚደረሰው። የገዛ ክልላችንን ለማየት ስንቱን የሰው አገር እናቋርጥ! ስደርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ የብሪቱን ቢሮ ሳይ ግን ድካሜ ለቀቀኝ። አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር አላት። ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

በማግስቱ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል። ብሪቱ ለሴቶቹ የእህል ወፍጮ ልትጠይቅ ነው። ቀን እርሻ ውለው፣ ውሃና እንጨት በትከሻቸው ተሸክመው ገብተው፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተንበርክከው የሚፈጩት እነሱ ናቸው።

«እኔ ነው የምናገረው» አለችኝ። «ወንድ አይናገርልኝም።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ አንዲት ሴት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማሪያም ትባላለች፤ የብሪቱ ባል እህት ናት፣ የብሪቱ ወንድም የዲማ ሚስትም ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ወግ ሚስት የሚያገባ ሰው የራሱን እህት ለሚስቱ ወንድም ይድራል፤ እህት በእህት ይለዋወጣሉ። አንደኛው ትዳር ከፈረሰ ሌላውም ይፈርሳል። ሴቲቱ ወደ ወንድሟ ትመለሳለች፣ ልጆቿ ከአባታቸው ጋር ይቀራሉ።

የብሪቱ ባል ሚስቱ ለሥራ ከተማ መክረሟን «ጥላኝ እንደ ሄደች ነው የምቆጥረው» አለ። ሄዶም እህቱን ከዲማ ቤት አመጣት። «ብሪቱ ስትመለስ ትመለሻለሽ» ብሏታል። ማሪያም ደግሞ ዲማ ጋ የቀረ፣ ገና የሚጠባ ልጅ አላት።

ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል። ውሃ የተደፋባት መስሎኝ ነበር። ወተት ነው።

ብግን አልኩ። «ፖሊስ ይጠራ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሕግ አለ! ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል! አሠልጥኜሽ የለም?»

«ፖሊስ ጡት አለው?» አለችኝ ብሪቱ። ልትቀልድብኝ አይደለም። የማውቀው መላ ያለ መስሏት ነው የጠየቀችኝ።

«ዲማስ? ወንድምሽ አልሰጥም ቢል ምን አለበት?»

«ዲማ አለቀሰ። እንቢ ካለ ግን ደም ይመጣል።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ብቻ ቆዪ። ተናገሪና ሂጂ። ስለ እግዚአብሔር፣ እስከ ነገ ብቻ!»

ብሪቱ በጉሙዝኛ ለማሪያም ነገረቻት። አሁን ትሰድባታለች ብዬ ጠበቅሁ። ማሪያም ግን የራሰውን ጨርቅ ከደረቷ ላይ ሳብ እያደረገች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ መለሰችላት።

«ምን አለች?»

«‹ቆዪ፣ ስብሰባሽን ጨርሺ፤ እኔ እችላለሁ› ትላለች ማሪያም» አለች ብሪቱ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ምነው በሰደበቻት! ብትሰድባት ብሪቱ ትቆይ ነበር፤ ስድብ እንዴት እንደሚቻል አስተምሬያታለሁ። ለዚህኛው ግን ያስተማርኳት ነገር አልነበረም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ማሪያምን ክንዷን ያዘቻትና ወጡ። ሁለቱ ሴቶች በአቧራው መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ከማየት በቀር ምንም አላደረግሁም።

በማግስቱ ስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። የወፍጮው ተራ ሲደርስ ሰብሳቢው አቶ ሞላ ብሪቱን በዓይኑ ፈለጋት። ሲያጣት «ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ አስረሳሽ» አለኝ በትሕትና። «የሚናገረው አባል ብቻ ነው።»

እጄን አወረድኩ።

ሲያበቃ ወደ እኔ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አዝኗል። «ጎበዝ ነበረች» አለኝ። «ለሚቀጥለው ሥልጠና ያላገባች ብንልክልዎት አይሻልም? አንዲት ልጅ አለች፤ እሷም ጉሙዝ ናት። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ደፋርም ናት።»

«ወንድም አላት?» አልኩት።

ግር ብሎት አየኝ።

«ወንድም የሌላት ልጅ ከየት አመጣልዎታለሁ?»

ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።